ከታሸገው በር ጀርባ ስለሚበሩት አውሮፕላኖች

ለክቡር አቶ ዳምጤ
የሜዳ በር ወጣቶች ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ቡታጅራ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ቤተሰብዎንና በቅርቡ ቀለም የተቀባውን የቢሮዎን በር በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። ሦስት ጊዜ በአካል መጥቼ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልሁ፣ ስብሰባዎን ላለማወክ ስል ጉዳዬን በጋዜጣ አቀርባለሁ።

የካቲት 9 ቀን የማዕከሉ ኮሚቴ በኮምፒውተር ክፍላችን ቁማር ይካሄዳል ብሎ በሩን አሽጓል፤ ለማስረጃም ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ወረቀቶች ወስዷል። በአንዱ ላይ «አዲስ አበባ – ጎባ፣ 3፡20፣ 60%» የሚል ስለሰፈረ፣ ኮሚቴው አዲስ አበባ ከጎባ ጋር እንደሚጋጠምና ሰው ገንዘብ እንደሚያስይዝ ተረድቷል። ጎባ ያሸንፋል ብሎ ያስያዘው ሰው ስም እንድሰጥም ተጠይቄአለሁ።

በክፍሉ ያለው የበረራ ማስመሰያ ፕሮግራም ነው። ከሰዓት በኋላ ወጣቶቹ የዛሬውን የአየር ትራፊክ ይጭኑበታል፤ አውሮፕላኖቹን ኮምፒውተሩ ራሱ ያበራቸዋል፣ እነርሱ መነሻና ማረፊያቸውን ያስተካክላሉ። ጠዋት ግን ክፍሉ የጋሽ ተረፈ ነው። ጋሽ ተረፈ የቡኢ ሰው ናቸው፤ በ1964 ዓ.ም. ጎባ የሬዲዮ ሠራተኛ ሆነው ዲሲ 3 አውሮፕላኖችን ይቀበሉ ነበር። የዚያን ዘመን አንድ ቀን፣ የትኛው አውሮፕላን በስንት ሰዓት እንደገባና እንደወጣ እየነገሩን፣ አራት ወር ሙሉ ወረቀቱን ስንሞላ ቆይተናል። የግራ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ቀኙን ሐኪሙ «እስከ ፋሲካ ቢቆይ ነው» ብሏል። ምኞታቸው ያን ቀን ተሟልቶ በቀረችው ዓይን ማየት ነው። ፋሲካ አምስት ሳምንት ቀርቶታል።

ስለዚህ የሚከተለውን በትሕትና አመለክታለሁ።

1ኛ. ስልሳ በመቶው የውርርድ ሒሳብ ሳይሆን አሮጌው ኮምፒውተራችን የሚሸከመው የትራፊክ መጠን ነው። ከሰባ ካለፈ ማሽኑ ይደርቃል። የማዕከሉ ዓመታዊ ሪፖርት ዘጠና ስምንት በመቶ ደርሶ ምንም ሳይደርቅ ስናየው፣ ጽሕፈት ቤትዎ በምን ዓይነት ማሽን እንደሚሠራ መጠየቅ ነበረብን።

2ኛ. ኮሚቴው የሁለቱን ዘመን ወረቀቶች አደባልቆ በአንድ ክር ማሰሩን ሰምቻለሁ። እኛም አንድ ቀን ተሳስተን ሁለቱን ትራፊክ በአንድ ላይ ጭነን ነበር። የዛሬው ጄት ቀርፋፋው ዲሲ 3 ጅራት ላይ ደርሶ፣ ማረፍ አቅቶት ሲዞር ዋለ። ጋሽ ተረፈም «ይኼን ልጅ ምን አስቸኮለው? እኔ ገና ከብቶቹን ከሜዳ አላስወጣሁም!» አሉት፤ በጊዜው ከብት ማባረርም የሬዲዮ ሠራተኛው ሥራ ነበርና። እኛ ስህተታችንን በአምስት ደቂቃ አርመናል። ኮሚቴው ቢሆን ጄቱን ያሽገው ነበር።

3ኛ. ፕሮግራሙ ፈቃድ ሳያገኝ መሬት ላይ ብዙ የቆመ አውሮፕላንን ከነተሳፋሪው ያጠፋዋል። ይህ አሠራር ከየት እንደመጣ አላውቅም ነበር፤ መዝገብ ቤትዎ ያስገባሁት ማመልከቻ በሦስተኛው ሳምንት «እንዲህ ያለ ወረቀት አልደረሰንም» ሲባል ግን ገባኝ።

4ኛ. ይህኛው ምስጋና ነው። ኮሚቴው ያን ዕለት ጠዋት በሩን ሲያሽግ ኮምፒውተር ማጥፋት የሚያውቅ አባል ስላልነበረው ስክሪኑን ብቻ አጥፍቶ ወጥቷል። በዚህም ምክንያት ያልተሟላው የ1964ቱ ቀን ከበሩ ጀርባ እየዞረ ነው፤ ሲመሽ ያልቃል፣ ሲነጋ እንደገና ይጀምራል። ጋሽ ተረፈ በየጠዋቱ ከቡኢ በሚኒባስ መጥተው፣ ከታሸገው በር ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሞተሮቹን ያዳምጣሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ ከድጄ «አባባ፣ የታሸገ ቤት ምን ይሠራልዎታል?» ብትላቸው፣ «ቆይ ልጄ፣ መጥረጊያውን አቁሚልኝ፤ የሦስት ከሃያው እየገባ ነው» አሏት። ከዚያ ወዲህ ከድጄ በሦስት ከሃያ ኮሪደሩን አትጠርግም። ዓይኑ ለሚደክም አዛውንት ማየት የማያስፈልገው አገልግሎት ማዘጋጀትዎ በሪፖርትዎ ሳይካተት እንዳይቀር አደራ እላለሁ።

የምለምነው በሩ እንዲከፈትና ወረቀቱ እንዲመለስ ነው። የሚቀሩን ጥቂት የከሰዓት በረራዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለት ጠዋት ይበቃናል። ለዚህ ስብሰባ መጥራት ካስፈለገ፣ ከፋሲካ በፊት ይጠራልን።

የማረፊያ ፈቃድዎን እየጠበቅሁ፣ ነዳጄ እስኪያልቅ ከቢሮዎ በላይ በአክብሮት የምዞር፣

ብርቄ አምሀ
የኮምፒውተር ክፍሉ በጎ ፈቃደኛ አሠልጣኝ
የካቲት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ (መጋቢት 1 ቀን)፦ በሳምንት ሁለቴ ይጠፋ የነበረው መብራት ሃያ አንድ ቀን ታግሦን ትናንት ከሰዓት ጠፋ፤ ከበሩ ጀርባም ድምፅ የለም። ጋሽ ተረፈ «የዘጠኝ ከአርባው አርፎ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። «በሰላም አርፏል» አልኋቸው። ያላረፈውን አርፏል ብሎ ሪፖርት ማቅረብ ከማዕከሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ የቀሰምሁት ዕውቀት ነውና አመሰግናለሁ። እርሳቸው ግን የእኔንም የእርስዎንም ሪፖርት አልተቀበሉም፤ ጎማው መሬት ሲነካ አልሰማሁም ብለው ዛሬም ከአግዳሚው አልተነሡም።