ሕሙማንን ለማገላበጥ ስለተቆረጠው ሪባን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ጀርባዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ የወንዶች ክፍል ነርሶች፣ እግራችን ካልተጠየቀ በቀር፣ ደህና ነን።

እንደሚያስታውሱት፣ ከአልጋ መነሣት የማይችል ሕመምተኛ በአንድ ጎኑ ሲከርም ገላው ይቆስላል። በየሁለት ሰዓቱ ቢገላበጥና ተረከዙ ሥር ጨርቅ ቢደረግለት ግን ቁስሉ እንደሚቀር ሌሎች ያጠኑትን አንብበን በክፍላችን ሞከርነው። ሠራ። አዲስ ቁስል ማየት ብርቅ ሆነብን። ውጤቱን ለሌሎች ክፍሎች እናካፍል ብለን ደስ እያለን ቢሮዎ መጣን፤ ጥፋታችንም ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ የሚከተሉትን ምስጋናዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ውጤቱ በይፋ ሳይበሠር ከክፍላችን እንዳይወጣ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ከሴቶች ክፍል የሚለየን አንድ ኮሪደር ብቻ ነው። እዚያ ያሉት ባልደረቦቻችን በራችን ላይ ቆመው ምን እንደምናደርግ ሲጠይቁን፣ የጦር ምስጢር እንደያዘ ሰው አፋችንን ዘጋን። እስከዚያው ውጤቱ የሚመረቅበት አዳራሽ ቀለም ተቀባ፤ ቀለሙ አላምርዎት ስላለ እንደገና ተቀባ።

፪. በምረቃው ዕለት ሪባን ስለቆረጡልን አመሰግናለሁ። ሕመምተኛ ለማገላበጥ ሪባን እንደሚያስፈልግ ያስተማረኝ አልነበረም። አዳራሹ ክራቫት ባሰሩ እንግዶች ሲሞላ ነርሶቹ ሥራ ላይ ናቸው ተብሎ አልተጠሩም፤ ሙሽራዋ የቀረችበት ሠርግ ግን ደመቀ። እኔ ብቻ ስላይድ እንድቀይር ተፈቅዶልኝ፣ ሕሙማኔን ትቼ ፎቶግራፍዎን ሳገላብጥ ዋልኩ።

፫. በሴቶች ክፍል፣ በሩ አጠገብ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ እናት ተኝተዋል። ሲገቡ የተሰበረው እግራቸው ነበር። ቀለሙ እስኪደርቅ ስንጠብቅ ጀርባቸው ተላጠ። ልጃቸው እኛ ክፍል የሚደረገውን አይታ ለእናቴስ ብላ ብትጠይቀኝ፣ ገና አልተበሠረም ብዬ መለስኩላት። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው። እዚህ ላይ ምስጋናው አልመጣልኝም፤ ተናድጃለሁ።

፬. ምረቃው ካለፈ በኋላም ጥናቱ፣ ሽፋኑ ላይ ምስልዎን ይዞ፣ ቢሮዎ በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። በእውነቱ ከአቧራ ተጠብቋል፤ እንዳይወጣ ያሉት ትእዛዝም አልተነሣም። የሴትዮዋ ቁስል ገና አጥንት አልደረሰም፤ ማገላበጡ ዛሬ ቢጀመር ይድናሉ። እባክዎ፣ ለኮሪደሩ ማዶ ነርሶች እንድንነግራቸው ይፍቀዱልን፤ መቀስ አያስፈልግም።

ለቀና ትብብርዎ አስቀድሜ እጅ እየነሣሁ፣ ጎንዎ እንዳይጎረብጥዎ የምመኝልዎ፣

የወንዶች ክፍል ነርስ

ማስታወሻ፦ በምረቃው ዕለት ንግግሩ ሲረዝም፣ ፊት ወንበር ላይ ሆነው አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ሲገላበጡ፣ ኋላም ካፖርትዎን አጥፈው ከሥርዎ ሲያደርጉ ከስላይዱ አጠገብ ቆሜ አይቻለሁ። የጥናታችን ውጤት በሙሉ እሱ ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን ብቻቸውን መዞር አይችሉም።