ሳይገባኝ ገባኝ ያልኩህ ቅዳሜ

አባዬ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሊሞላ አራት ቀን ቀርቶታል። እማዬ ወሩን ትቆጥራለች፣ እኔ ቀኑን። ዛሬ ሐሙስ ነው። ይህን የምጽፍልህ በሰቃ ከተማ፣ ከምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ሆኜ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሥራ እምቢ አለኝ። የተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ ሁለት ጊዜ ገልብጬ ስሰፋ የስፌት ቤቱ ባለቤት እትዬ አልማዝ አዩኝና «ዛሬ ማሽኑን አትንኪብኝ፣ አርፈሽ ቁጭ በይ» አሉኝ። ቁጭ ማለትም አልሆነልኝም። እጄ ሥራ እንዲይዝ ብዬ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። በራችን ፊት ያለው መንገድ ተቆፍሮ ቀረ፤ ባጃጅ ስለማይገባ ዱቄቱንም ዘይቱንም ከአስፋልቱ ተሸክመን ነው የምናመጣው። መነጽርህ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው፣ እማዬ በየቀኑ ትወለውለዋለች። አልጋህን ወደ ጓዳ አስገብታው ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላው መልሳ አወጣችው። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም።

አሁን የማያስቀምጠኝን ነገር ልንገርህ። ካንተ የደበቅኩት አንድ ነገር አለ።

ገመቹን ታስታውሰዋለህ፤ የታሪክ እጩ መምህር ሆኖ ለማስተማር ልምምድ አንተ ጋ የተመደበው ረጅሙ ልጅ። ሌሎች መምህራን እጩዎቻቸውን የሚያዩአቸው ክፍል ውስጥ ብቻ ነበር። አንተ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ትጠራቸው ነበር። ሰኞ የሚያስተምሩትን ቅዳሜ እኔን ያስተምሩኛል። ሰሌዳቸው የግቢያችን የብረት በር ነው። እኔ በርጩማ ላይ፣ አንተ ከኋላዬ። ሲጨርሱ እነሱን ምንም አትላቸውም፤ ወደ እኔ ዞረህ «ፅጌዬ፣ ገባሽ?» ትለኛለህ። «እሷ ከገባት ክፍሉ በሙሉ ይገባዋል» ትላቸው ነበር።

ለምን እኔን እንደመረጥክ አውቃለሁ። ዘጠነኛ ክፍል፣ ተነስተሽ አንብቢ ተብዬ ድምፄ አልወጣ ካለኝ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። «መምህሩ የሰው ልጅ ያስተምራል፣ የራሱ ልጅ ቤት ቀርታለች» ሲሉህ ሰምቻለሁ። አንተ አልተቆጣኸኝም። ክፍሉን ግቢያችን ድረስ አመጣህልኝ።

ያን ቅዳሜ ገመቹ የታሪክ ምንጮችን ነበር የሚያስተምረው። የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ፣ እዚያ የነበረ ሰው የተወው፤ ሁለተኛ ደረጃ ምንጭ፣ ያልነበረ ሰው በኋላ የጻፈው። በሩን ከላይ እስከ ታች በጠመኔ ሞላው። ላቡ ይወርዳል። እኔ አንዱን ከሌላው መለየት አቃተኝ፤ መለየቱ ለምን እንደሚያስፈልግም አልገባኝም። አንተ ታስል ነበር። አልገባኝም ብል ሁሉም እንደገና ይጀመራል፣ አንተም ነፋስ ላይ ትቆያለህ ብዬ አሰብኩ። ይህ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ደግሞ፣ አልገባኝም ካልኩ የቱ ጋ ነው ያልገባሽ ልባል ነው፤ መናገር ልገደድ ነው። «ገብቶኛል» አልኩህና በሩ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል አነበነብኩልህ። አንተ ደስ ብሎህ አጨበጨብክ።

ሰኞ ከዩኒቨርሲቲ የመጡት ገምጋሚ ክፍሉ ገቡ። አንድ ተማሪ ተነስቶ «እዚያ የነበረው ሰው ቢዋሽ፣ ያልነበረው ግን እውነት ቢጽፍ ማንን እንመን?» አለ። ገመቹ ደነገጠ፣ ማስታወሻውን ደግሞ አነበበ፣ ልጆቹ ሳቁ። ልምምዱን በዓመቱ እንዲደግም ተወሰነበት። አንተ ገምጋሚው ፊት ቆመህ «እኔ ቤት ሞክሬዋለሁ፣ ልጄ ገብቷት ነበር» አልክ። እሳቸውም መምህራኑ ሁሉ ባሉበት «እንግዲያው በሚቀጥለው ዓመት ልጅዎ ትገምግምልን» አሉህ። ይህን ለእማዬ እየሳቅክ ነገርካት። እራትህን ግን አልበላህም። ከዚያ ወዲያ ማንንም ቅዳሜ አልጠራህም። ሁለት ወር ቆይተህ አረፍክ። እኔ ዝም እንዳልኩ።

ባለፈው ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ገመቹ ነው። «ዳኛዬ! ሐሙስ ልገመገም ነው» አለኝ። «መምህርን አጥቻለሁ፣ አንቺንም ልጣ?» እማዬ በርጩማውን አወጣችለት። ያንኑ ትምህርት እንደዚያው አስተማረኝ። ሲጨርስ ጠያቂ ስላልነበረ ራሱ «ገባሽ?» አለኝ።

«አልገባኝም» አልኩት። «ያኔም አልገባኝም ነበር።»

ጠመኔውን እንደያዘ ቆመ። «ያኔም?»

«ያኔም።»

«መምህር እኮ ሰው ፊት ቆመው...» ብሎ አልጨረሰውም። «ዓመቴን በላሽው!» አለና በሩን ወርውሮት ወጣ። እማዬ ከኩሽና ወጥታ «ምን አድርገሽው ነው?» አለችኝ። ለእሷም ነገርኳት። «ያን ቀን እህል ያልቀመሰው ለዚህ ነው?» አለች። ወደ ኩሽናው ተመለሰች፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ገመቹ ተመልሶ መጣ። «ይቅር አላልኩሽም» አለኝ ገና ሳይገባ። «ግን እውነቱን የሚነግረኝ ሌላ ሰው የለኝም። የቱ ጋ ነው የጠፋብሽ?»

መናገር ጀመርኩ። ቀብርህ ላይ የእድራችን ሊቀመንበር የሕይወት ታሪክህን ሲያነቡ የከነከነኝን ነገርኩት። «በዘመናቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ» ብለው አነበቡ። አባዬ፣ ቁልፍ ሲጠፋብህ እኮ ጎረቤት ድረስ ነበር የምትሰማው! ሊቀመንበሩ አልዋሹም፤ አጎቴ የነገራቸውን ነው የጻፉት። አጎቴ ደግሞ አብሮን አልኖረም። እኔ እዚያው ቤት ነበርኩ። ግን እኔም ገብቶኛል ብዬ የዋሸሁ ነኝ። «ታዲያ አንድ ሰው አባቴን ማወቅ ቢፈልግ ወረቀቱን ነው ወይስ እኔን የሚጠይቀው?» አልኩት። ገመቹ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ሁለታችሁንም» አለ ቀስ ብሎ፤ «ከዚያ ማን እዚያ እንደነበረ፣ ማን ለምን እንዲህ እንዳለ ይጠይቃል። በቃ፣ ትምህርቱ ይሄው ነው እኮ!» ስምህ ሳይጠራ እንዲያስተምርበት ፈቀድኩለት። በዓመት ያልተናገርኩትን ያን ከሰዓት ተናገርኩ።

እስካሁን ያለውን የጻፍኩት ከስፌት ቤት ከመውጣቴ በፊት ነው። እዚህ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ ተነሳሁ። ገመቹ የሚገመገምበት ሰዓት ነበር፤ ያሾፉብህ ገምጋሚም ዛሬ እንደሚመጡ ነግሮኛል። ያንተን ቃል ሐሰት ያደረግኩት እኔ ስለሆንኩ ማስተካከልም ያለብኝ እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዘበኛው «የመምህር ልጅ! ግቢ፣ ግቢ» አሉኝ። ክፍሉ ውጭ ቆሜ ልጆቹ ሲከራከሩ እሰማ ነበር፤ ደወል ተደውሎም አልወጡም። በመጨረሻ ገምጋሚው ወጡ። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«ባለፈው ዓመት አባቴ ልጄ ገብቷት ነበር ያለዎት ስለ እኔ ነው። አልገባኝም ነበር። እኔ ነኝ የዋሸሁት። አባቴ አልዋሸም።»

አዩኝ። ደብተራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ይቅርታ ልጄ፣ አባትሽ የትኛው መምህር ናቸው?» አሉኝ። ስምህን ነገርኳቸው። አሰቡ፣ አሰቡ። «ብዙ ትምህርት ቤት ነው የምዞረው፣ አላስታወስኳቸውም» አሉ፤ ከልባቸው አዝነው። ያሉህንም አያስታውሱም። ክፉ ሰው አይደሉም፣ አባዬ። ረስተውታል።

የገመቹ ውጤት ገና ነው። እኔ ስፌት ቤት ተመልሼ ነው የምጨርስልህ፤ አሁንም መቀመጥ አልቻልኩም። እህል ያስተወህን ቃል የተናገረው ሰው ጥሎት ሄዷል። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ፈራሁ። እኔም ከረሳሁት፣ ሰው ፊት ቆመህ እኔን ማመንህ እንዳልነበረ ሊሆን ነው።

ስለዚህ አልረሳውም። ሳልህን፣ ጭብጨባህን፣ ለቁልፍ የምትጮኸውን ጩኸት፣ ሳትበላ ያደርክበትን ቀን፣ ሁሉንም እንደነበረ እይዘዋለሁ። ለሚጠይቀኝ እነግረዋለሁ። ለማይጠይቀኝም።

ልጅህ ፅጌ