ሰው፣ ብዛት አንድ፣ ማታውኑ ተመላሽ

ኮልፌ፣ ሰኔ 22 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ጉልላት፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
በማስታወቂያ ሰሌዳው በኩል፣ ለሚያነብም ሁሉ

ጉዳዩ፦ የጀርባ ግድግዳን ይመለከታል

ክቡር ጓድ ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ዘንድሮ ቀድሞ የገባው ብርድ ጉልበትዎን እንዳይነካብዎት፣ የጽሕፈት ቤትዎ ጣሪያ እንዳያፈስብዎት፣ ጠዋት የሚቀርብልዎት ሻይም እስከ መስከረም ድረስ ስኳር እንዳይለየው ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው መደዳ በአምስተኛው ቤት የምኖረው ቀለመወርቅ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዕድሜዬ ልክ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በሰሌዳው ላይ መለጠፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ደብዳቤ ስቀበልና ስመራ ኖሬ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ስለሆንኩ የጽሕፈት ቤት ሥርዓት ይገባኛል። ነገር ግን በመስኮቱ በኩል ያስገባኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች የት እንደ ደረሱ ብጠይቅ የሚያውቅ ጠፋ፤ ሦስተኛው ደግሞ ከዚህ በታች የምገልጸውን መልስ አገኘ። ስለዚህ አራተኛው ቢያንስ የት እንዳለ እንዲታወቅ ብዬ እዚህ ሰቀልኩት። ሥራ ለበዛበት ሰው ነገር በቁጥር ሲቀርብለት እንደሚቀለው ስለማውቅ፣ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ሳልለያይ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ዝግጅት ሲባል በመንገድ በኩል ያለው የቤቴ ግድግዳ ኖራ ስለተቀባልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ባለቤቴ ዘመነች በዚህ ቤት አሥራ ዘጠኝ ክረምት ስትኖር ነጭ ግድግዳ ትመኝ ነበር፤ ሳታየው ባለፈው ጥቅምት አረፈች። አሁን አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያየዋል፣ እኔም ወጥቼ አየዋለሁ። ለቀቢዎቹ ግን ቤት ጀርባ ያለው ነገር መሆኑ አልተነገራቸውም መሰለኝ። የበዓሉ እንግዶች የሚያልፉት በፊት ለፊት በኩል ነው፤ ዝናቡ ደግሞ እንደ አለመታደል ሆኖ የሚመጣው በጀርባ ነው። የአምናው በረዶ ጭቃውን አራግፎ ማገሩን ስላስቀረው፣ ከውጭ ቆሜ በአንደኛው ቀዳዳ እጄን ባስገባ የራሴን ትራስ እነካለሁ።

2ኛ/ በግንቦት ወር የቤቶች ጉዳይ ኮሚቴ ቤቴን መጥቶ ስለጎበኘልኝ አመሰግናለሁ። ከዘመነች ተዝካር ወዲህ ደጄን የረገጡ የመጀመሪያ እንግዶች ስለነበሩ ደስ ብሎኝ ሦስት በርጩማ አቀረብኩ፤ እነሱ ቆመው መጻፍን መረጡ። የጻፉትም አጭርና ግልጽ ነው። ክፍል ሁለት፣ ነዋሪ አንድ፣ የጀርባ ግድግዳ የፈረሰ፤ እስከ ሰኔ 30 ቀን ካልታደሰ ቤቱ አቅም ላለው ቤተሰብ ተሰጥቶ ነዋሪው ከሌሎች ጋር በጋራ ክፍል ይኖራል ይላል። በቁጥሩ ላይ ክርክር የለኝም፤ ነዋሪው አንድ መሆኑን ከኮሚቴው በፊት የማውቀው እኔ ነኝ። ይሁን እንጂ ዘመነች የሞተችው በዚያ ቤት ነው። መጋረጃዋ እንደሰቀለችው አለ፣ ነጠላዋም ከበሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል። ይህን የትኛው የጋራ ክፍል ውስጥ እንደምሰቅለው አላውቅም።

ትእዛዙ እንደ ደረሰኝ፣ ጡረታዬ በፈቀደው መጠን ክረምቱን ለመቀበል ያላደረግኩት የለም። የጣሪያውን ቀዳዳዎች የመንገድ ሠራተኞች ጥለውት በሄዱት ሬንጅ ደፈንኩ። በቤቱ ዙሪያ ቦይ ቆፈርኩ። ቦቲ ጫማዬን ፌርማታው አጠገብ የሚቀመጠው ጫማ ሰፊ አቶ ቦሩ ለአራተኛ ጊዜ ለጥፎልኛል፤ አሁን ከጫማው ልጣፉ ይበልጣል። ከሰል መግዛት ስላልሆነልኝ ከአናጢዎቹ ደጅ ፍቅፋቂ ለቅሜ ሁለት ኬሻ አደረቅሁ። የግድግዳውን ቀዳዳዎችም ለጊዜው በጋዜጣ ወተፍኳቸው። ንግግር የታተመበትን ገጽ ለዚህ ተግባር ላለማዋል ብርቱ ጥንቃቄ አድርጌያለሁ፤ በዚህም ምክንያት የተረፈኝ ገጽ ጥቂት ስለነበር ሥራው እንዳሰብኩት አልተሟላም።

3ኛ/ ይኼኛው ቁጥር ረዘም ስለሚል ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። አፈሩን ከጓሮ ቆፍሬ፣ አንድ ኬሻ የጤፍ ጭድ ከገበያ ተሸክሜ አምጥቼ፣ ጭቃውን በእግሬ ረግጬ ሳምንት አስቦካሁት። እስከዚህ ድረስ አንድ ሰው ይበቃል። ማገሩ ብቻ የቀረ ግድግዳ ግን ጭቃው ከውጭም ከውስጥም እኩል ተገፍቶ መሐል ላይ ካልተገናኘ አይያዝም። ከውጭ ሲገፉት ማዶ ሆኖ የሚቀበል መዳፍ ከሌለ ጭቃው አልፎ ይወድቃል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እኔ ውጭ፣ ዘመነች ውስጥ ሆነን ስንመርግ ይህን ነገር አንድም ቀን አስቤበት አላውቅም። ዘንድሮ ብቻዬን ሞከርኩት። ከውጭ ገፍቼ፣ ቤቱን ዞሬ፣ በበሩ ሮጬ ስገባ ጭቃው ቀድሞኝ አልጋዬ ላይ ደርሷል። ስድሳ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው በገዛ ቤቱ ዙሪያ ሲሮጥ ያየ ሰው አለመኖሩን አመሰገንኩ። ሰባት ጊዜ ያህል እንደ ዞርኩ ግን መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለመሥሪያ ቤት የሚጻፍ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም የሆነው እሱ ነው።

ጎረቤት አልነበረምን ቢሉኝ፣ ነበረ። በሥራ ቀን ሁሉም በሥራው ላይ ነው፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ሁሉም በዋናው መንገድ ዳር አጥር ይቀባል፤ በስም ጥሪው ላይ የታጣ ሰው የወሩ የስኳር ኩፖኑ እንደሚያዝበት በራስዎ ፊርማ ተነግሮናል። እኔ በዕድሜዬ ምክንያት ብሩሽ ባልይዝም ባልዲ እጠብቃለሁ። እንግዲህ ሰው ሁሉ የቀበሌው ስለሆነ፣ ሰው የሚጠየቀውም ከቀበሌው ነው ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩ። በመስኮቱ ያለችው ልጅ ማንኛውም ጥያቄ ያለ ቅጽ እንደማይስተናገድ በትሕትና አስረዳችኝና ያለውን ብቸኛ ቅጽ፣ የዕቃ መጠየቂያውን፣ ሰጠችኝ። እኔም እንደ ደንቡ ሞላሁት። የዕቃው ዓይነት፦ ሰው። ብዛት፦ 1። ለምን አገልግሎት፦ በግድግዳ ማዶ ለመቆም። ተመላሽ ነው ወይስ አይደለም፦ ማታውኑ ተመላሽ።

በአሥራ አንደኛው ቀን የንብረት ክፍል ኃላፊው ጓድ ፈቀደ ማኅተም ያረፈበት መልስ ሰጡኝ። «የጠየቁት ዕቃ ለጊዜው በመጋዘናችን የለም፤ ሲገባ በተራዎ ይሰጥዎታል» ይላል። ቅጽ ሳይነበብ በሚፈረምበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ዕድሜዬን ስለጨረስኩ አልተቀየምኩም፤ እንዲያውም የቀድሞ ባልደረቦቼ ትዝ አሉኝ። በማግስቱም በቀበሌው ሕብረት ሱቅ በር ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ዝርዝር ተለጥፎ አየሁ። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ነጭ ጋዝ፣ ሳሙና የጠየቁ ሠላሳ ስድስት ነዋሪዎች አሉ፤ ከሁሉም በታች «37፤ ቀለመወርቅ፤ ሰው፤ 1» ተብሎ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል።

4ኛ/ ይህን ቁጥር ከጻፍኩት በኋላ ስለ ጤናዬ አስቤ ሰርዤዋለሁ።

5ኛ/ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ያለኝ ምስጋና፣ ከቀደሙት በተለየ፣ ከልብ ነው። ባለፈው ሐሙስ ተራዬ ደርሶ እንደሆነ ለማየት ወደ ሱቁ ብሄድ፣ ከስሜ ሥር በእርሳስ የተጻፉ ሦስት አዳዲስ መስመሮች አገኘሁ። አንደኛው አቶ ቦሩ ሆኖ ከስሙ ትይዩ «ሰው፣ 1» ብሏል። አንዱ ስሙን ሳይጽፍ «እኔም» ብቻ ብሎ ትቶታል። በመካከላቸው ደግሞ ሁለት መስመር በሚይዙ ትልልቅ ፊደላት፣ «ካሳነሽ፣ እኔም፣ አንድ» የሚል ነበር። ወይዘሮ ካሳነሽ በገበያው ጎመን የምትሸጥ፣ አንድ ልጇ ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለት ዓመት የሆነው፣ ደብዳቤ ከመጣ ራሷ እንድታነበው ብላ ፊደል የቆጠረች ጎረቤቴ ናት። ደብዳቤው እስካሁን አልመጣም። በራሷ ፈቃድ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈችው ጽሑፍ በሱቅዎ በር ላይ ያለው ነው።

በሩ ፊት ቆሜ አፈርኩ። ከቤቷ እስከ ቤቴ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ እኔ ግን ሰው ፍለጋ ሄጄ የሞላሁት ቅጽ ነበር። በዚያው አለፍኩና በሯን አንኳኳሁ። ጉዳዬን ስነግራት ብዙም አላስጨረሰችኝም፣ እሑድ ጠዋት እንደምትመጣ ነገረችኝ፤ አጥሩስ ብላት፣ አጥሩ ይጠብቀን አለች።

እሑድ እኔ ከውጭ፣ እሷ ከውስጥ ሆነን መረግን። ጭቃው ከመሐል ሲገናኝ በመዳፍ ይታወቃል። አንድ ጊዜ ወገቤን ይዞኝ ትንሽ ቆም ባልኩበት፣ ከማዶ የሚገፋት ስታጣ ጊዜ በግድግዳው ውስጥ ድምፅዋን ሰማሁ።

«ጋሽ ቀለመወርቅ፣ አሉ?»

«አለሁ» አልኳት። ጓድ ሊቀመንበር፣ ከጥቅምት ወዲህ ይህን ቃል ያወጣሁት በእርስዎ ስም ጥሪ ላይ ብቻ ነበር። በቤቴ ውስጥ ሆኖ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ድምፄ ሲወጣ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። እሷም እስከ ማታ ድረስ ጭቃው በዘገየ ቁጥር ትጠይቀኝ ነበር፤ እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ አንዳንዴ ሆን ብዬ አዘገይ ነበር።

በዚያው ሰዓት በመንገዱ ዳር ስማችን ሦስት ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሁለታችንም «የለም» ተብለን መጻፋችንን፣ የሐምሌ ኩፖናችንም መያዙን ትናንት ተረድቻለሁ። መዝገቡ ትክክል ስለሆነ ይግባኝ አልልም። የምለምንዎት ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው፣ ሰኔ 30 ቀን ኮሚቴው ሲመጣ ኖራውን ካደነቀ በኋላ ዞሮ ጀርባውን እንዲያይልኝና የመልቀቂያ ትእዛዙን እንዲያነሳልኝ ነው፤ ጭቃው ገና እርጥብ ስለሚሆን እጃቸውን ባያስደግፉ ይመረጣል። ሁለተኛው፣ ቅጣቱ አይቀርም ከተባለ የወይዘሮ ካሳነሽ በእኔ ላይ ይደመርልኝ። ሁለት ወር ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት አያቅተኝም፤ እሷ ግን የእኔን ግድግዳ ስትይዝ ነው የታጣችው። የፊታችን እሑድ ተረኛው የእሷ ቤት ስለሆነ ሁለታችንም እንደገና «የለም» ስለምንባል፣ ስም ጠሪው ጓድ በከንቱ እንዳይደክም ከወዲሁ አሳውቃለሁ።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ እናት አገርም ከነጀርባ ግድግዳዋ ለዘላለም ትኑር።

ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣ ፊቱ ነጭ ጀርባው እርጥብ በሆነው ቤት ነዋሪ፣
የተራ ቁጥር 37፣
ቀለመወርቅ

ግልባጭ፦
ለጓድ ፈቀደ፣ ንብረት ክፍል (ከመፈረምዎ በፊት እንዲያነቡት)
ለወይዘሮ ካሳነሽ (ራሷ ታነበዋለች)

ማሳሰቢያ፦ ግድግዳው ስለተመረገ ጓድ ፈቀደ ስሜን ከዝርዝሩ ሊሰርዙት እንዳሰቡ ሰምቻለሁ። እባክዎን እንዳይሰርዙት ይዘዙልኝ። ዕቃው መጋዘን የገባ ቀንም እንደ ስኳሩ በጓሮ በር እንዳይወጣብኝ አደራ። ግድግዳውስ አልቋል፤ እኔ ግን የጠየቅኩት ለግድግዳው ብቻ አልነበረም።