የገነት በር

ጅግጅጋ፣ ሐሙስ መጋቢት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ቀብሪበያ ሳስተምር ውዬ ተመለስኩ። ሚኒባሱ ውስጥ የተሳፋሪዎቹ ረመዳን፣ የእኔ ዐቢይ ጾም፤ ሁላችንም ጾመኞች ነበርን። ደክሞኛል። ቢሆንም ቤቴ ሳልገባ የጎረቤቴን የገነትን በር አንኳኳሁ። በቦቴ ውሃ ወረፋ ተጣልተን ከተኳረፍን ሦስት ወር ሆነን። ንስሐ አባቴ ደግሞ «ሳትታረቂ እንዳትቆርቢ» ብለውኛል።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

በሩን ገርበብ አድርጋ አየችኝ። «ናፍቄሽ ነው ወይስ አባ ልከውሽ?»

በጾም ምድር እንዴት ልዋሽ? «አባ ልከውኝ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው አባን ይቅር ብያቸዋለሁ፤ ንገሪልኝ» ብላ ዘጋችው።

የታዘዝኩትን አደረግሁ፤ አልዋሸሁምም። ታዲያ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ትክክለኛዋ እሷ የመሰለችኝ ለምንድን ነው?