የወይዘሮ ምህረቴ እንስራ እና ልጃቸው መምህር ይሄነው አድማሴ

መምህር ይሄነው አድማሴ ከአባታቸው ከአቶ አድማሴ አዝመራው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ምህረቴ ሀብቱ፣ ጥሊሊ አቅራቢያ በሚገኝ የገጠር ቀበሌ መስከረም 12 ቀን 1947 ዓ.ም. ተወለዱ። በጥሊሊና በዳንግላ ተምረው፣ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ ለሠላሳ ዘጠኝ ዓመታት በመምህርነት አገልግለዋል። በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ ወርቅነሽ ጋር ትዳር መሥርተው ሶስናንና አስማረን አፍርተዋል።

በ1996 ዓ.ም. በሚያስተምሩበት የቆሰበር ትምህርት ቤት አሮጌ መጋዘን አጽድተው ትንሽ ቤተ መዘክር ከፈቱ። ሞፈሩም፣ የዝናብ መከላከያው ገሳም፣ ኮርቻውም በዓይን ብቻ እንጂ በእጅ አይነካም ነበር። ከሁሉ የሚሳሱለት እናታቸው ከትውልድ ቀበሌያቸው ምንጭ ውሃ ይቀዱበት የነበረው እንስራ ሲሆን፣ ከሥሩ «የወይዘሮ ምህረቴ እንስራ። ምንጩ ደርቋል።» ብለው ጽፈውበታል።

ጡረታ ከወጡም በኋላ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ተማሪዎችን እዚያው እያስገቡ ያስተምሩ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የባለሱቅ ልጅ የሆነችው ተማሪ ኢንሳፍ «ቲቸር፣ ሁሉም ጠፋ፣ ደረቀ ከሆነ፣ እኛን ለለቅሶ ነው የጠሩን?» አለቻቸው። በማግስቱ ከየዕቃው ሥር «ምን ይደረግ?» የሚል ጨምረው፣ ተማሪዎቹን ወደየሽማግሌው ላኩ።

ስለ ምንጩ የመጣው መልስ፣ ከበላዩ የተተከለው ባሕር ዛፍ ካደገ ወዲህ ደረቀ የሚል ነበር። ባሕር ዛፉን በ1977 ዓ.ም. በኩራት የተከሉት ራሳቸው መምህር ይሄነው ናቸው። ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ዛፉን ከነጉቶው ሲያስነቅሉ፣ ይህን ጽሑፍ ያቀረበው ታናሽ ወንድማቸው አበረ «ለአንድ አሮጌ እንስራ ተብሎ!» ብሎ ሁለት ዓመት አኩርፏቸዋል። አስከሬን ፊት አይዋሽምና ይነገር። ተማሪዎቹ ግን በየዓመቱ እየተተካኩ እርከን ሠሩ፣ ከከብት ከለሉ፣ ቀርከሃ ተከሉ። መምህሩም በየመጋቢቱ ሄደው ምንጩ አሁንም ደረቅ መሆኑን አይተው ይመለሱ ነበር።

ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው። ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነችው ኢንሳፍ ከምንጩ ዳር ደውላ «ቲቸር፣ በደረቅ ወር ፈለቀ!» አለቻቸው። አንድ ዕቃ ከቤተ መዘክሩ አስወጥተው የማያውቁት ሰው፣ እንስራው እንዲወጣ አዘዙ። በሚኒባስ የራሱን ወንበር ይዞ ሄደ፤ እያንጠባጠበም ሞልቶ ተመለሰ። ከዚያ ውሃ ጠጥተው «እፎይ! እናቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ እያልኩ ነበር» አሉ። ከዚያ ወዲህ ፊታቸው ላይ ጭንቀት አላየንም፤ እኛም ቀለለን።

መምህር ይሄነው ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ይህን ወንድማቸውን ትተዋል። በእንስራው ሥር ያለው ጽሑፍም በገዛ እጃቸው ታርሟል፤ «ምንጩ አለ» ይላል።

እግዚአብሔር አምላክ ድካማቸውን ቆጥሮ ነፍሳቸውን በዕረፍት ውሃ ዘንድ ያሳርፍልን። ከቀብር ስትመለሱ እጃችሁን የምትታጠቡት ከዚያው ምንጭ በመጣ ውሃ ነው። ሄዶ የቀዳው ያኮረፈው ወንድማቸው ነው።