በአንቺ ስም የተጠመቅሁባቸው ሰባት ቀናት

እታለም፣ የእናቴ ልጅ፣

ከተለየሽን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽ በደህና ወጣ። አልጋሽን እማ አሁንም ጠዋት ጠዋት ታነጥፈዋለች፤ ማንም አይተኛበትም። እኔ ከሥሩ መሬት ላይ ነኝ፣ እንደ ድሮው።

ለማንም ያልነገርሁትን ልጻፍልሽ። እቀናብሻለሁ። በሞተ ሰው መቅናት ነውር እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ ግን እቀናብሻለሁ።

ግራ እግሬ ከደነዘዘ ሰባት ወር አለፈው። ባዶ እግሬን ሆኜ ካልሲ ያደረግሁ ይመስለኛል። ቀኝ ዓይኔ ሁለት ሳምንት ጭጋግ ለብሶ ቆይቶ ተገለጠ። አንድ ቀን ውኃ ስቀዳ ከነጀሪካኑ ወደቅሁ። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ከአጥሩ ወዲያ ሆና፣ "ይቺማ እንደ እኅቷ መታመም አማራት፤ ሥራ ስትጠላ!" ስትል ሰማኋት። እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ጀሪካኑን አንሥቼ ገባሁ።

ከደምበጫ ባሕር ዳር ወስደውኝ በዚያ በሚጮኸው ማሽን ጭንቅላቴን አነሡኝ። ሐኪሙ ምስሉን ብዙ አየው። ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ አለ፤ ኤም ኤስ የሚባለው የነርቭ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ከስድስት ወር በኋላ ደግመን እናያለን። እማ አውቶቡስ ውስጥ፣ "እሰይ፣ ምንም አላገኙብሽም" አለችኝ። አግኝተዋል እኮ፤ ስሙን ነው ያጡት።

ያንቺ በሽታ ስም ነበረው። "ኩላሊት ናት" ሲባል ሰው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥልሽ ነበር። ጠያቂ ያመጣልሽን ብርቱካን በብርድ ልብሱ ሥር ግማሹን ታቀብይኝ ነበር፤ ትዝ ይልሻል? ለእኔ የመጣ ባለመሆኑ እየበላሁትም እቀና ነበር።

ከዚያ እማ ጠበል ወሰደችኝ፤ አጥማቂው አባ አያውቁንም። "የክርስትና ስሟ ማን ነው?" ሲሉ እማ ሳታስብ "ወለተ ማርያም" አለች። ያንቺን። ሦስት ዓመት ሙሉ ለታመመች ልጇ በየጠበሉ ስታስጠራው የኖረችው ስም እሱ ነዋ። አላረምኋትም። ሰባት ቀን ሙሉ "ወለተ ማርያምን ማራት" እየተባለ ጠበሉ በእኔ ራስ ላይ ወረደ። እማ ዓይኗን ጨፍና አሜን ትላለች። እኔ እየተንቀጠቀጥሁ አንቺን እጠላ ነበር።

በሰባተኛው ቀን፣ እኔ በሰው ፊት የማልናገረው፣ አፌን ከፈትሁ። "አባ፣ ወለተ ማርያም እኅቴ ናት፣ ዐርፋለች። የታመምሁት እኔ ነኝ፤ አጸደ ማርያም ነኝ" አልኋቸው።

እማ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ከዚያ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ እርጥቡን ቀሚሴን ከፍ አደረገችና፣ "የትኛው እግርሽ ነው?" አለችኝ። በሰባት ወር ውስጥ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ጥቅምት ላይ በማሽኑ ድጋሚ እነሣለሁ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም።

አንቺን አልረሳሽም፣ እታለም። ስምሽን በጸሎቴ ጠዋትም ማታም እጠራዋለሁ፤ ግን ካረፉት ጋር። ከታመሙት መካከል ያለው ቦታ የእኔ ነው፤ እሱን እንኳ አልሰጥሽም።

ታናሽሽ