የቀዮ ቀለም

ለተሼ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አብሮኝ ኖሮ አንዲት ነገር ደብቆኝ ለሄደው ባሌ፤

ከተለያየን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ አንተ ድሮም ታመህ እንኳ «ደህና ነኝ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረህም። እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው ሁሉ ሰላም ነው። ልጅህ ማህሌትም ደህና ናት፤ እንዳንተ ሥራዋን ትወዳለች፣ እንደ እኔ ደግሞ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ አትታገስም።

ዛሬ ወረቀት ያስያዘኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የምሥራች ነው፤ ያቺ ትንሿ መኪናህ፣ ሰይቼንቶህ፣ ተነሥታለች። ሁለተኛው ወቀሳ ነው፤ እሱን ወደ በኋላ አደርሰዋለሁ።

ከቤቱ ልጀምር። የካዛንቺሱን ግቢያችንን ለቀናል። ሰፈሩ ለልማት ተፈልጓል ተባለና ለእኛም ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ አራተኛ ፎቅ። ለመልቀቂያ ሁለት ወር ተሰጠን። ዕቃ እንደሆነ ይታሰራል፣ ይጫናል። የጨነቀኝ መኪናህ ነበረች። እንደተውካት ነው የቆመችው፤ ገላዋን ክሬም ቀብተህ፣ ወንበሯን አሰፍተህ፣ ሞተሯ ግን ወጥቶ ማድቤቱ ጥግ በሸራ ተሸፍኖ። በየማክሰኞው የሚያልፈው ቆራሌው በአጥሩ ቀዳዳ አይቷት ኖሮ፣ የመልቀቂያው ወሬ ከተሰማ ወዲህ ከደጃችን አልጠፋ አለ። አመላለሱን ላየው ሚስት ሊጠይቅ እንጂ አሮጌ ብረት ሊገዛ የመጣ አይመስልም።

ማህሌት ታከታት። «እማዬ፣ ሞተር የሌላት መኪና ይዘን የት እንገባለን? በቃ ይውሰዳት» አለችኝ። ልጅቷ አልተሳሳተችም። እኔ ግን ሆስፒታል ሳለህ እጄን ይዘህ ያልከኝን አልረሳሁም። ስለ ቤቱ አላወራህም፣ ስለ ጡረታህም አላወራህም። «ቆራሌው እንዳይወስዳት። ከዚያ ግቢ በገዛ ሞተሯ ትውጣ» ነው ያልከኝ። እሺ ብዬሃለሁ። እሺታዬን በሁለት ወር ውስጥ መፈጸም ነበረብኝ፤ አለዚያ የሚሞት ባሏን የዋሸች ሴት ሆኜ አራተኛ ፎቅ ልወጣ ነው።

ያው ወደ ከድር ሄድኩ። የወጣትነት ጓደኛህ አሁንም ቄራ እዚያው ጋራዡ ውስጥ ነው፤ ጸጉሩ ብቻ ነው የነጣው። ሞተሩን በፒክአፕ አስጭኜ፣ እንዳይንከባለል እኔም ከኋላ አብሬው ተቀምጬ ወሰድኩለት። መንገድ ላይ ያየኝ ሰው ሁሉ ምን እንዳለ እግዜር ይወቅ። ከድር ፈታትቶ አየውና ከሁለት አንዱን ምረጪ አለኝ። አንደኛው ከተጋጨች መኪና የወጣ የጃፓን ሞተር ነው፤ ሞተሯ ከሚቀመጥበት ከኋላዋ ትንሽ ላሜራ ተቆርጦ ከተበየደ ይገባል፣ ናዝሬት አድርሶ ይመልሳል። ሁለተኛው ያንተው አሮጌው ነው፤ ከሌላ የሞተች ሰይቼንቶ ፒስተን ተፈልጎለት ይጠገናል። «አሮጌው ኦሎምፒያ ያደርስሻል። ከኦሎምፒያ በኋላ ያለውን አላህ ያውቃል» አለ።

አብራኝ የመጣችው ማህሌት ሳትውል ሳታድር የጃፓኑን መረጠች። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ወደዚያው አዘንብዬ ነበር። ታውቀኛለህ፣ ለትዝታ ብዬ የተቀደደ አልጋ ልብስ የማስቀምጥ ሴት አይደለሁም። ከድር ባትሪ አገናኝቶ የጃፓኑን ሲያስነሣው ግን ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥኩት። ድምፅ የለውም ማለት ይቀላል። እንደ ጨዋ እንግዳ ነው፤ መምጣቱም መሄዱም አይታወቅም።

አንተ ከሥራ ስትመለስ ትዝ አለኝ። ገና ከባምቢስ ስትታጠፍ ያ ተክ ተክ ተክ ይደርሰናል። እኔ ሻይ እጥዳለሁ፤ ማህሌት የግራ ጫማዋን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አጥልቃ ወደ በሩ ትሮጣለች። ግቢ ገብተህ ደግሞ ከማጥፋትህ በፊት ነዳጁን ሁለቴ ትረግጣለህ። ለምንድነው ስልህ «ለሞተሩ ደግ ነው» ትለኝ ነበር። እዚያው ከድርን ጠየቅኩት፤ ለሞተሩ ምንም አያደርግለትም አለኝ። ለካ ለእኛ ነበር። የጃፓኑን ብናስገባባት በሩ ድረስ መጥታ የሚያውቃት ሰው አይኖርም። አሮጌውን ሥራልኝ አልኩት። ማህሌት ቤት እስክንደርስ አኮረፈችኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከድር ደወለልኝ። ሄድኩ። ሸራውን ሲገልጠው፣ ተሼ፣ ሞተሩ ቀይ ነው። ፈዘዝ ያለ ቀይ እንዳይመስልህ፤ የእሳት አደጋ መኪና ቀይ።

ሞተር እንደሚቀባ እንኳ የሰማሁት ካንተ ነው። ገላዋን ስትቀባ ሞተሯንም እቀባዋለሁ ብለህ፣ ማን ያየዋል ስልህ፣ «የውስጥ ልብስስ ማን ያየዋል ተብሎ ሳይታጠብ ይቀራል እንዴ?» ብለህ አፌን አስዘግተኸኛል። ቀለሙን ግን አልነገርከኝም ነበር። ለካ ለከድር ነግረኸዋል። ምን ነክቶህ ነው ቀይ የቀባኸው ስለው፣ «ተሾመ ሳይታመም አደራ ብሎኝ ነው፤ የቀዮን ቀለም ቀባልኝ ብሎኛል፤ ነገሩ ምን መሰለሽ...» ብሎ ሊቀጥል ሲል አላስጨረስኩትም።

ሳቄ መጣ። ግድግዳ ይዤ ነው የሳቅኩት። ቀዮ እኔ ነኝ፤ በዚህ ዓለም ላይ ቀዮ ብሎ የጠራኝ አንተ ብቻ ነህ፤ እኔ ደግሞ ጠይም ነኝ። ደግሞስ ሰው ቀይ ተባለ ማለት እንደ በርበሬ ቀላ ማለት ነው? የእኔ ሰው ሞተሩ የሚስቱን መልክ እንዲይዝለት ፈልጓል፣ ይሄ ደግሞ ቃሉን እንዳለ ወስዶ ቀይ ለቀለቀው ብዬ ደመደምኩ። ከድር አሁንም ሊያስረዳኝ ጣቱን አነሣ። አንተ ተወው፣ ቀለሙን እኔ አመጣዋለሁ ብዬው ወጣሁ።

የመኪና ቀለም የሚቀምሙበት አንድ ሱቅ ገባሁ። ቀማሚው «ናሙና ይዘዋል?» አለኝ። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁለት። «እማማ፣ ይሄ እኮ ክንድ ነው» አለኝ። አዎ፣ ናሙናው እሱ ነው አልኩት። ሊገዛ የመጣ አንድ ሰውዬ የቀይ ዳማ ናቸው አለ፤ ሌላው ኧረ ጠይም ናቸው፣ ብርሃን ላይ ይታዩ አለ። በሩ ላይ አውጥተው አዩኝ። ላንተ ልዳር ስል እንኳ መልኬ እንዲህ አልተመረመረም። ቀማሚው ሦስቴ ቀላቅሎ፣ ክንዴ ላይ ጠብ እያደረገ፣ የት እንዳረፈ እስኪጠፋን ድረስ አመሳሰለው። ቀለሙ ቁጥር ስለሌለው ጣሳው ላይ በእስክሪብቶ «እማማ» ብሎ ጻፈበት።

ጣሳዬን ታቅፌ ቄራ ተመለስኩ። ከድር እጁን በጨርቅ እየጠራረገ «አሁንስ የጀመርኩትን ወሬ ልጨርስ?» አለኝ። ጨርስ አልኩት፤ ይህን ነገረኝ።

ያን ቀን፣ የሥራ ማመልከቻህን ልታስጽፍ እኔ ታይፒስት ወደነበርኩበት ቢሮ ስትመጣ፣ አብሮህ የነበረው ከድር ነው። የማሽኑን ሪባን ቀይሬ ገና እጄን ሳልታጠብ ነው የገባችሁት። ጉንጬ ላይ የአውራ ጣት ያህል ቀይ የሪባን ቀለም ነበረብኝ። እኔ ኮስተር ብዬ እዚህ ጋ ይፈርሙ እልሃለሁ፤ አንተ ጉንጬን ታያለህ። ልትነግረኝ አፍረህ ወጣህ። ውጭ ስትደርሱ «ቀዮዋን አየሃት?» ብትለው፣ ከድር «የምን ቀይ? የጻፈችልን ጠይሟ አይደለችም እንዴ?» አለህ። ቤታችሁ እስክትደርሱ ስትስቅ ነበር አለኝ። የቀዮን ቀለም ስትለው መልኬን አልነበረም፤ ያንን ቀለም ነበር። ከድር አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ማመልከቻው ስህተት አለበት ብለህ ተመልሰህ እንደመጣህ አስታውሳለሁ። እኔ ጽፌ ስህተት! ፊደል በፊደል ብፈትሸው አንድም አጣሁበት። ያኔ ነው «ይቅርታ፣ ቀዮ» ያልከኝ። ከኋላዬ ሌላ ሴት ያለች መስሎኝ ዞሬ አየሁ። በጠይምነቴ የምታሾፍ መስሎኝ ሳምንት ሙሉ ዘጋሁህ፤ በኋላም እንዲያው ቁልምጫ ነው ብዬ ለመድኩት። በዚያ ሥራ ቀለም መነካካት ብርቅ ስላልሆነ ታጥቤው ሄጄ ይሆናል፤ ምኑም ትዝ አይለኝም።

ወቀሳዬ እንግዲህ ይኸው ነው። ያን ቀን ጉንጬ ተዥጎርጉሮ ስንቱን ባለጉዳይ ሳስተናግድ አንድ ቃል አትተነፍስም? እሺ ያኔ አፈርክ፤ ከዚያ በኋላስ? ማህሌት ስትወለድ፣ ተኳርፈን ስንታረቅ፣ ያን ሁሉ እሑድ አብረን ስንቀመጥ? ግን ልዋሽህ አልችልም፤ ደስ አለኝ። ስልሳ ልደፍን ሁለት ዓመት የቀረኝ ሴት ጋራዥ ውስጥ ቆሜ እንደ ኮረዳ አፈርኩ። የሞተ ሰው አዲስ ነገር አያወራም ብዬ ነበር። አንተ አወራኸኝ።

ቀዩን አስቀረሁት። የእማማን ጣሳ ግን አልጣልኩትም፤ በረንዳችን ላይ ያሉት የአበባ ጣሳዎች ሁሉ አሁን እኔን ይመስላሉ።

ከመልቀቂያው ሁለት ቀን ሲቀረው ከድር ሞተሩን ግቢያችን አምጥቶ ገጠመው። መጀመሪያ አስነጠሰው፣ ደገመው፣ ከዚያ ተክ ተክ ተክ አለ። ማህሌት ውስጥ ሳህን በጋዜጣ ስትጠቀልል ነበር። ድምፁን ስትሰማ ያገኘችውን ጫማ አጥልቃ ወደ ውጪው በር ሮጠች። በሩን ይዛ ቆመች፤ ማንን ልትቀበል እንደወጣች ያኔ ገባት። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ቁልቁል ስናይ አንዱ ጫማ የእሷ፣ ሌላው የእኔ ነው። ሳቃችን ለቅሶውን ቀደመው። «ጥሩ መረጥሽ» አለችኝ። ልጅህ ተሸነፍኩ ስትል ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የወጣን ዕለት ጠዋት፣ ሲገጥሙት ቁልፍ የፋቀውን ቦታ በተረፈው ቀይ ነካ ነካ አደረግኩት። ነጠላዬን ሳስተካክል ጣቴ ጉንጬ ላይ አረፈ። መስተዋቷ ውስጥ አየሁት፤ የአውራ ጣት ያህል ነው። ጨርቁ አጠገቤ ነበር፤ አላነሣሁትም። መሪውን ያዝኩ፣ ማህሌት ከጎኔ ገባች፣ በገዛ ሞተሯ ከበሩ ወጣን። ቆራሌው ጆንያውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ መንገድ ለቀቀልን፤ አንጀቱ እያረረም ቢሆን አጨበጨበ።

ባምቢስ ስንደርስ፣ ድሮ መንዳት ስታስተምረኝ እዚያው ሞተር አጥፍቼብህ፣ ከኋላ አውቶቡስ ጡሩምባውን ሲያንባርቅብን፣ ወርደህ ለሾፌሩ እጅ የነሣኸው ትዝ አለኝ። አሁን አላጠፋሁም። ኦሎምፒያ መብራት ይዞን ትራፊክ ፖሊሱ ጉንጬን አየ፤ ዝም አለ። ታክሲ ጠባቂዎቹም አዩኝ፤ ዝም አሉ። አንድም ሰው አልነገረኝም፤ ለካ ዝምታው ያንተ ብቻ አይደለም። ከኦሎምፒያ በኋላም ሄደች። ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ገብቼ ከማጥፋቴ በፊት ሁለቴ ረገጥኩት። ሰው በየመስኮቱ ብቅ አለ። ዘበኛው ምነው ሲለኝ፣ ለሞተሩ ደግ ነው አልኩት።

ተሼ፣ የጥርስህን አሳሳቅ፣ የእጅህን ሙቀት ዕድሜ ሊያስረሳኝ ይሞክር ይሆናል። ይህን ግን አላስነካውም። በየእሑዱ የኋላ ክዳኗን ከፍቼ ሞተሩን እወለውላለሁ፤ ማንም በማያየው ቦታ ቀይ ሆኜ እኖራለሁ። ከእኔ በኋላ ደግሞ ማህሌት ታውቀዋለች፤ ሁሉንም ነግሬያታለሁ፣ አንዲት ሳልደብቅ።

የዚያን ዕለት ደረጃውን ስንወጣ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆም ብላ አየችኝና «እማዬ፣ ጉንጭሽ ላይ ቀለም አለ» አለችኝ።

አውቃለሁ አልኳት።

ቀዮ